«ብቻዋን እንተዋት»

ባለፈው ሳምንት ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቴሌቪዥን ስከፍት «ዶክተር ሁ» የሚባለው የእንግሊዞቹ ተከታታይ ድራማ አንድ የቆየ ክፍል እየታየ ነው። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አልወድም፤ ጭራቅና መንኮራኩር የልጆች ነገር ነው ብዬ ነበር የማልፈው። ይኼኛውን ግን ከሶፋው ሳልነሳ ጨረስኩት። ከዚያ ፊቴን በትራስ ሸፍኜ አለቀስኩ። እህቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ክፍሉ «ሄቨን ሴንት» ይባላል። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 2015 ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ብቻውን ነው የሚጫወተው፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ዶክተሩን፣ ሆኖ የሚሠራው ፒተር ካፓልዲ። ዶክተሩ ጓደኛው ክላራ ዓይኑ እያየ ሞታበታለች። ገና እንባው ሳይደርቅ ባሕር መካከል የቆመ ባዶ ግንብ ውስጥ ተጣለ። ከራስ እስከ እግሩ የተከናነበ አንድ ፍጡር ከኋላ ይከተለዋል። አይሮጥም። ግን አይቀርም። ለጊዜው የሚቆመው ዶክተሩ ለማንም ያልነገረውን እውነት ሲናዘዝ ብቻ ነው።

መውጫውን የዘጋው ግድግዳ 20 ጫማ ውፍረት አለው። ከአልማዝ 400 እጥፍ ይጠነክራል። ዶክተሩ በባዶ እጁ ይመታዋል። ጥቂት እንደመታ ፍጡሩ ይደርስበትና ለሞት ያበቃዋል። እያጣጣረ፣ እየዳኸ፣ መጀመሪያ ወደ ገባበት ክፍል ይመለሳል። እዚያ ላለው ማሽን ገላውን ማገዶ አድርጎ ራሱን እንደገና ይሠራል። አዲሱ ሰው ግድግዳው ጋ እስኪደርስ ምንም አያስታውስም። ክላራ ለእሱ አሁን ገና ነው የሞተችው። እንደገና ሐዘን፣ እንደገና ግድግዳ። ግድግዳው እስኪፈርስ ከአራት ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። ባሕሩ ሥር የተከመረው የራስ ቅል በሙሉ የእሱ የራሱ ነው።

እኔን የገደለኝ ግን ልብሱ ነው። መሀል ላይ ባሕር ውስጥ ይገባል። በስብሶ ሲወጣ አንድ ክፍል ውስጥ እሳት ይነዳል፤ እሳቱ ዳር ደረቅ ልብስ ተዘርግቷል። ልክ የእሱን የሚመስል ልብስ። ይለብሰውና እርጡቡን እዚያው ዘርግቶ ይሄዳል። ልብሱን ማን እንዳስቀመጠለት በኋላ ነው የሚገባን። ከእሱ በፊት የሞተው እሱ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ለሐዘንተኛው ደረቅ ልብስ ያቀበለው ራሱ ሐዘንተኛው ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ ጥቁሩን ማን እንዳለበሰሽ እንኳ አታውቂም። የማን ነጠላ እንደሆነ የምታውቂው ከሠልስት በኋላ ነው።

እኔ የሰማሁት በስልክ ነው። ያለሁበት ከተማ ትንሽ ናት፤ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ መርዶ የሚነግር የአገሬ ሰው የለም። ወንድሜ ደውሎ «ተቀምጠሻል?» አለኝ። ቆሜ ነበር። ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ይኖራል፤ ግድግዳችን ስስ ነው፣ የእነሱን ቴሌቪዥን ሁልጊዜ እሰማለሁ። ማንም አልመጣም። በማግስቱ አለቃዬን ለመንኩ። ምንሽ ናት አለችኝ። እህቴ ናት አልኩ። ሦስት ቀን ሰጠችኝ። እዚህ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ልጅ ለሞተበት ወላጅ ሁለት ሳምንት በሕግ ይሰጣል። እህት ስትሞት ግን የአሠሪሽን ፊት ማየት ነው። ያቺ እህቴ ደግሞ ያሳደገችኝ ናት። ይህን የምጽፍበት ቅጽ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ካርድ አገኘሁ። ሁሉም ፈርመውበታል። ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው ስሟን አልጠየቀኝም። ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ከወራት በኋላ አንዷ በቅንነት ነገረችኝ፤ «ብቻሽን መሆን ትፈልጊያለሽ ብለን ነው እኮ።»

ክፉዎች አይደሉም። ይህን ደጋግሜ ለራሴ እነግራለሁ። ብቻሽን የሚተዉሽ ስለሚያከብሩሽ ነው። ግን ይኼ አክብሮት አጥንቴ ድረስ ገባ።

ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ባል የሞተ ጊዜ እናቴ ያለችን አንድ ነገር ነው። «ብቻዋን እንዳትተዋት!» ትራሴን ይዤ ሄጄ ከእሷ ጋር ፍራሽ ላይ ሦስት ሌሊት አደርኩ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ማንም ምንም በይያት አላለኝም። ስትገላበጥ እሷ ጋ መሆኔን እንድታውቅ ብቻ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ሲስቁ እናደድ ነበር። ሰው ሞቶ ይሳቃል? አሁን ያንን ሳቅ እናፍቃለሁ። ያ ጫጫታ ሌሊቱን ሙሉ ከሐዘንተኛዋ ጋር ያነጋ ነበር።

ሰውን ብቻውን መተው ምን እንደሚያደርግ ይህች አገር አሳምራ ታውቃለች። ሰሜን ለንደን ውስጥ ፔንተንቪል የሚባል እስር ቤት አለ፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው። እስረኞቹን ለየክፍላቸው ዘግተው ያስቀምጧቸው ነበር። ለእንቅስቃሴ ሲወጡ እንዳይተዋወቁ ፊታቸውን ይሸፍኗቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ጎን ለጎን እንዳይተያዩ በየሳንቃው ተከልለው ነው የሚቀመጡት። ከመሀላቸው ያበዱ ነበሩ። «ሄቨን ሴንት» በታየ በ19ኛው ቀን፣ ዲሴምበር 17 ቀን 2015፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የማንዴላ ሕጎች የሚባሉትን የእስረኛ አያያዝ ደንቦች አጸደቀ። አንድን እስረኛ በቀን 22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከሰው ጋር በወጉ ሳይገናኝ ማቆየት የብቻ እስር ነው ይላሉ። ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ማድረግ ክልክል ነው።

እኔ ቆጠርኩ። ከሥራ ውጪ ሰው በወጉ ሳያናግረኝ 31 ቀን አልፏል።

እዚህ ሰውን ብቻውን መተው ለወንጀለኛ ቅጣት ነው፤ ለሐዘንተኛ ደግሞ ጨዋነት። አንድ ነገር እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2018 የብቸኝነት ጉዳይ ሚኒስትር ሾመዋል፤ ችግሩን አላወቁትም ማለት አይቻልም። ሚኒስትር ግን ፍራሽ ላይ አብሮሽ አያድርም።

ዶክተሩም የሚያዋየው ሰው ሲያጣ የሞተችውን ያዋያታል። በሐሳቡ ክላራ ጀርባዋን ሰጥታው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ትጽፍለታለች። እኔም እህቴን ሳህን እያጠብኩ አወራት ነበር። አበድኩ ብዬ ፈርቼ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሳየው ቀለለኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ አገር ቤት ወዳላችሁት። ምክንያቱም የሚያቃጥለኝን ግማሹን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ወንድሜ «ተቀምጠሻል?» ያለኝ በሞተችበት ቀን አይደለም። በአርባዋ ማግስት ነው! አርባ ቀን ሙሉ ስደውል «ተኝታለች»፣ «ጠበል ሄዳለች»፣ «ስልኳ ተበላሽቶ ነው» ትሉኝ ነበር። እኔም ለመድኃኒት ብዬ ገንዘብ እልክ ነበር። እናንተ ድንኳኑን ጥላችሁ፣ ሙሾ አውርዳችሁ፣ ደረት መትታችሁ፣ አርባውን አውጥታችሁ ጨረሳችሁ። እኔ ስጀምር የሚያለቅስ ሰው አልቆ ነበር። በስልክ ሳለቅስ «በቃ፣ እሷ አርፋለች፣ አንቺ በርቺ» አላችሁኝ። ለእናንተ የአርባ ቀን ሬሳ ናት። ለእኔ ያን ቀን ጠዋት የሞተች ናት። ልክ እንደዚያ ሰውዬ፣ ግድግዳው ጋ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ፊልሙን ባየሁ ማግስት ለወንድሜ ደወልኩ። ሁለት ዓመት ያፈንኩትን አወጣሁበት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ብቻሽን ነሽ ብለን እኮ ነው» አለኝ። «ማን ይይዝሻል ብለን ነው።»

«ብቻዬን መሆኔን አውቃለሁ» አልኩት። «እማማ አርጅታለች። ክፉ አያሰማን እንጂ፣ ክፉ ከሰማህ በዚያው ሰዓት ደውልልኝ። ድንኳኑ ሳይፈርስ። ስልኩን ክፍት አድርገህ ከሴቶቹ አጠገብ አስቀምጠው፤ እኔ ከዚህ አብሬ አለቅሳለሁ።»

«እሺ» አለኝ። «በመድኃኔዓለም በል» አልኩት። ማለልኝ።