ጄምስ ኧርል ጆንስ እንዲህ አልተናገረም

አሜሪካዊው ተዋናይ ጄምስ ኧርል ጆንስ በ93 ዓመቱ ካረፈ ገና ስምንት ወሩ ነበር። ሙት ዓመቱ እንኳ ሳይደርስ ፎርትናይት በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ እንደገና አናገሩት። ድምፁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስለው በ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ድምፅ ለሆነለት ክፉ ገጸ ባሕርይ፣ ለዳርዝ ቬደር ሰጡት፤ ተጫዋቹ ያሻውን ይጠይቃል፣ ማሽኑም በሟቹ ድምፅ ይመልሳል። ቀኑ ሳይመሽ ተጫዋቾቹ አባብለው አሰደቡት። የጨዋታው ኩባንያ ስድቡን አረምኩ አለ፤ የተዋናዮቹ ማኅበርም ሳንደራደር የሰው ሥራ በማሽን ተተካ ብሎ ከሰሰ። ክሱ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ የእኔ ንዴት ግን ከዚያ ይብሳል።

«ራሱ ፈቅዷል» ይሉናል። አዎን፣ በሕይወት ሳለ የድሮ ቅጂዎቹን ተጠቅመው ድምፁን እንዲሠሩ ተስማምቷል፤ ለጨዋታው ደግሞ ቤተሰቡ እሺ ብሏል። ነገር ግን በ2022 በወጣው የ«ስታር ዋርስ» ተከታታይ ፊልም ላይ የተሰማው ደራሲ የጻፈው፣ አዘጋጅ ያየው ቃል ነበር። ገና ላልተጻፈ፣ የማንም ጎረምሳ ለሚቆሰቁሰው ቃል ፊርማ የሚሰጥ ማን ነው?

ከሁሉ የከፋው ደግሞ «እርሱ ራሱ እኔ ከፊልሙ ማስመሰያዎች አንዱ ነኝ ይል አልነበረምን?» የሚለው ነው። ይል ነበር። በ1977 በወጣው የመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» ላይ ስሙ እንዲጻፍለትም አልፈለገም፤ ጥቁሩን ልብስ ለብሶ የተወነው ዴቪድ ፕራውስ ነውና። ለባልደረባ የተሰጠን ክብር መንዝሮ የድምፅ መሸጫ ውል ማድረግ ዓይን አውጣነት ነው!

ይህ ድምፅ ከየት እንደመጣ ያወቀ እንዲህ አይቀልድበትም። ሚሲሲፒ የተወለደው ልጅ አያቶቹ ወደ ሚሺጋን እርሻ ይዘውት ሲሄዱ መንተባተብ ያዘው። አፍሮ ዝም አለ፤ ዝምታው ስምንት ዓመት ያህል ቆየ። የሚያወራው ከከብቶቹ ጋር ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ግሬፕፍሩት ስለተባለው ፍሬ ግጥም ጻፈ። መምህሩ ዶናልድ ክራውች ግጥሙ በእርግጥ የራስህ ከሆነ ክፍሉ ፊት ቆመህ በቃልህ በለው አለው። ልጁ ቆመ፤ ሳይንተባተብም ወጣው።

ልብ በሉ፤ ያ አንደበት የተፈታው «የምትለው የራስህ ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ነው። በኒውዮርኩ የብሮድዌይ ቴአትር መድረክ ቡጢኛውን ጃክ ጀፈርሰንን ሆኖ በ1969፣ ቆሻሻ ሰብሳቢውን ትሮይ ማክሰንን ሆኖ በ1987 ቶኒ የተባለውን የቴአትር ሽልማት ያገኘው ያንኑ መልስ በየምሽቱ እየደገመ ነው። መንተባተቡ ጨርሶ እንዳልለቀቀው ሸምግሎም ይናገር ነበር። ያ የምንወደው ክብደት ሌላ ምንም አይደለም፤ እያንዳንዱን ቃል ጭቃ ላይ እንደሚራመድ ሰው እየመረጠ የሚረግጥ ሰው እርምጃ ነው። ማሽኑ የት ወድቆ ያውቃል? ዜማውን ቀድቷል፤ ፍርሃቱን ከየት ያመጣዋል?

«አዲሱ ትውልድ እንዲያውቀው» ነው አሉ። ፊልሞቹ ተቃጠሉ እንዴ? የ1994ቱ «ላየን ኪንግ» ፊልም አንበሳ ሙፋሳ አለ፤ በ2019 ደግሞ በ88 ዓመቱ መጥቶ በገዛ ጉሮሮው ደግሞታል። ልጆቹን ቁጭ አድርጎ ያንን ማሰማት ለማን ከበደው?