ሰማያዊ ክትፎ

ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ያለው ወንደር ዊል የተባለው ግዙፍ ሽክርክሪት ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ 1920 ነው። ቁመቱ 46 ሜትር ገደማ ነው። የሚያስቀናው ግን ታፔላው ነው። ከ24ቱ ካቢኖች 16ቱ በሐዲድ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታሉ፣ 8ቱ ቦታቸውን አይለቁም። ሰልፉም ሁለት ነው። የትኛው ሰልፍ ለየትኛው እንደሆነ የሚናገረው ታፔላ ነው፤ ሳያነብ የተሰለፈ ልቡ እየቀለጠ ይንሸራተታል። እኛ ዘንድ ቢሆን ለዚህ ሥራ ሁለት ዘበኛና አንድ ጯሂ ረዳት ይቀጠር ነበር።

ቦታው ባሕር ዳር ነው። ጨዋማው አየር ላሜራ ይበላል፣ ሽቦ ይበላል። በ2012 ደግሞ ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ባሕሩን መዝናኛው ድረስ አስገባው። «አረጀ፣ ይነሳ» ለማለት ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት ይመጣል? ግን ሽክርክሪቱ ከ1989 ጀምሮ የከተማው ቅርስ ነው፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንደልብ አይነካካም። በ1983 የገዛው ዴኖስ ቮርዴሪስም ከግሪክ የመጣ ስደተኛ፣ ሆትዶግ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነበር። የራሱን ስም ጨመረበት እንጂ የቆየውን አልፋቀም።

በእጅ የተጻፈ ታፔላ ማደስ ደግሞ ተአምር አይደለም። መጀመሪያ ፊደሉ ሳይነካ ስስ ወረቀት ተለጥፎበት ጠርዙ በእርሳስ ይገለበጣል፤ መስመሩም በመርፌ ይበሳሳል። ከዚያ ዝገቱ ይፋቃል፣ አንቲረስት ይቀባል፣ መደቡ ይቀባል። ሲደርቅ ወረቀቱ ይመለስና በጨርቅ የተቋጠረ የከሰል ዱቄት መታ መታ ይደረግበታል። ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ የድሮውን ፊደል ነጥብ በነጥብ ያወጣዋል። የቀረው በዘይት ቀለም መሙላት ነው። ነገሩ የሚበላሸው ዝገቱ በደንብ ሳይለቅ ወይም ላሜራው ጤዛ ይዞ ሲቀባ ነው፤ ቀለሙ ያብጥና ይላላጣል።

በጋዝ በተሞላ የመስታወት ቱቦ የሚበራው የኒዮን ታፔላ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቱቦው ከተሰነጠቀ ጋዙ ያመልጣል፣ በማጣበቂያ አይድንም። ባለሙያው አዲስ የመስታወት ቱቦ በእሳት እያለሰለሰ በፊደሉ ልክ ያጥፈዋል፣ ውስጡን አየር አልባ ያደርገዋል፣ ከዚያ ለቀዩ የኒዮን ጋዝ፣ ለሰማያዊው የአርጎን ጋዝና ጠብታ ሜርኩሪ ይሞላል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ቱቦው ከመወቀሱ በፊት ትራንስፎርመሩና እርጥበት የገባበት ሽቦ ይታይ። ኤልኢዲ ይሻላል የሚል አይጠፋም። ኤልኢዲ የሚያበራው በአብዛኛው ወደ ፊት ነው፤ ኒዮኑ ግን ዙሪያውን ስለሚያበራ ከኋላው ያለው ላሜራ ጭምር ይቀላል።

አዲስ አበባ ላይስ? በብሩሽ የተጻፈው ተነቅሎ ባነር ተወጠረ። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ፀሐይ የኅትመቱ ቢጫና ቀይ ቀድመው ይጠፋሉ፤ የሚተርፈው ሰማያዊና ጥቁሩ ነው። ሥጋ ቤት በር ላይ ሰማያዊ ክትፎ! የሰው ሆድ በዚህ ይከፈታል? መፍትሔው ደግሞ ሌላ ባነር ማሳተም፣ እሱም ሰማያዊ እስኪሆን መጠበቅ።

እዚህ አሜሪካ አዲስ ላሜራ ላይ ጨውና ኮምጣጤ እየረጩ፣ አዝገው፣ «የጥንት ታፔላ» ብለው የሚሸጡ አሉ። እኛ የእውነቱን ለቆራሌ ሰጥተናል፣ ያውም በኪሎ።