ገበያው አልቀዘቀዘም፤ ሻጩ ነው

በከተማችን ተገቢውን ምስጋና ያላገኘ አንድ ጥበብ ቢኖር፣ በአዲስ አበባ የሪል ስቴት ድርጅቶች ዘንድ ሰኞ ጠዋት የሚካሄደው የማነቃቂያ ስብሰባ ነው። ወራት ሙሉ አንድ ቤት ያልሸጠው «የሽያጭ አማካሪ» ከረባቱን አጥብቆ ከባልደረቦቹ ጋር ክብ ሠርቶ ይቆምና «እኔ ምርጥ ነኝ!» እያለ ይጮኻል፤ ቁርስ በልቶ ይሁን ሳይበላ የሚጠይቀው የለም። ጩኸቱ ሲደክም አለቃው «አልሰማሁም!» ይላሉ። ሠራተኛው እንደገና ይጮኻል፣ ይጨበጨባል፣ በዚያ ሳምንትም ቤት አይሸጥም።

የዚህ ጥበብ ትልቁ ውለታ የምጣኔ ሀብትን አስቸጋሪ ጥያቄዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለሱ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚገባው አሳንሰርና የማጠናቀቂያ ዕቃ አብሮ ሲንር፣ አላዋቂዎች የገዢውን መጥፋት ከብድርና ከዋጋ ጋር ሊያያይዙት ሞክረው ነበር። የሽያጭ ክፍሉ ግን እውነተኛውን ምክንያት ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ልጁ ስልክ ሲያወራ ፈገግ አይልም።

ስለዚህ ሥልጠና ይዘጋጅለታል። አሠልጣኙ ገበያ የሚባል ነገር በሻጩ ጭንቅላት ውስጥ እንጂ ውጭ እንደሌለ ያስረዳሉ፤ ይህን የሚያስረዱበት ክፍያ ግን ውጭ ባለው ገበያ ዋጋ የተተመነ ነው። (አንዳንድ ቦታ ክፍያው ከሠልጣኙ ቀጣይ ኮሚሽን ላይ ይቆረጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቀጣይ ኮሚሽን ይኖራል ብሎ ከማመን የበለጠ ምን ዓይነት በራስ መተማመን አለ?)

የሠለጠነው ልጅ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ከየት እንደተገኘ የማይነገር የስልክ ቁጥር ዝርዝር ይሰጠዋል። በራሱ ካርድ ይደውላል። «ጤና ይስጥልኝ፣ ጥሩ ዜና ይዤልዎት ነበር» ሲል፣ ከወዲያ ያለው ሰውዬ ካሬው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ልጁ ይነግረዋል። መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስል ጸጥ ይልና «እሺ የኔ ወንድም፣ አስቤበት እደውልልሃለሁ» የሚል መልስ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ተራ ሰው ቢሆን ቁጥሩን ይሰርዘዋል፤ የእኛ ጀግና ግን በመዝገቡ ላይ «ትኩስ ደንበኛ» ብሎ ያሰፍረዋል። ከጾሙ በኋላ ያለው፣ ከበዓሉ በኋላ ያለው፣ ልጄ ከአሜሪካ ስትመጣ ያለው ሁሉ ትኩስ ነው። መዝገቡ ከዳር እስከ ዳር ከመጋሉ የተነሳ እጅ ያቃጥላል፤ የሚቀዘቅዘው የባንክ ደብተሩ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቦሌ ወይም ሲኤምሲ መንገድ ዳር፣ የድርጅቱ ስም በታተመበት ጃንጥላ ሥር ቆሞ «ሦስት ቤቶች ብቻ ቀርተዋል» የሚል ወረቀት ያድላል። እነዚህ ሦስት ቤቶች ሊደነቁ ይገባል። አምና በዚህ ጊዜም ሦስት ነበሩ፤ ሕንጻው ራሱ ገና ከመሠረቱ ቀና አላለም። ገዢ ሲጠፋ ቁጥራቸው አይጨምርም፣ ገዢ ሲገኝም አይቀንስም፤ እንዲህ ያለ መረጋጋት በብራችን ላይ ቢታይ የት በደረስን ነበር!

በእርግጥ ድርጅቶቹ ስሌቱን ያውቁታል። ሲሚንቶ ይወደዳል፣ ብረት ይወደዳል፣ በራስ መተማመን ግን የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቅ ብቸኛው የግንባታ ግብዓት ነው። ብዙዎቹ አማካሪዎች የሚከፈላቸው ቤት ሲሸጡ ብቻ ወይም ለትራንስፖርት በማይበቃ መነሻ ደመወዝ ስለሆነ፣ ገበያው የተኛበት ወር ለአሠሪው እምብዛም አይከብድም። የኃላፊነት ክፍፍሉም የሚያስቀና ነው፤ ቤት ሲሸጥ የባለሀብቱ አርቆ አሳቢነትና የሥራ አስኪያጁ አመራር ውጤት ይሆናል፣ ቤት ሳይሸጥ ሲቀር ግን ክብሩን በሙሉ ለጃንጥላው ሥር ልጅ ይለቁለታል። ዋጋውን የቆረጡት፣ የማስረከቢያውን ጊዜ በየዓመቱ የሚያራዝሙት ክፍሎች «እኔ ምርጥ ነኝ» ብለው ሲጮኹ ያየ የለም። እነርሱ በራሳቸው ለመተማመን ሥልጠና አላስፈለጋቸውም።

የቀረው ጥበቡን ከቢሮው ውጭ ማስፋፋት ነው፤ ቤት ሻጩ ራሱ የሚኖረው በኪራይ ነውና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አከራዮች ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቁ ከልክሏል። በዚሁ ላይ ተከራዩ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ የሁለት ወር በራስ መተማመን በቅድሚያ መክፈል ይችላል የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨመር፣ ልጁ ያለ ችግር ይከፍላል፤ እንዲያውም መልስ ይቀበላል። አከራይዋ እትዬ አሻፈረኝ ካሉም ገንዘብ ስላልተከፈላቸው አይደለም፤ አመለካከታቸው ስላልተቃና ነውና ሰኞ ጠዋት ይምጡ።