ስጋታችንን ማን ያህለዋል!

አንዱ አገር በሰዓት ሥራው ይታወቃል፤ አንዱ በነዳጁ፤ አንዱ በኳሱ። እኛ ደግሞ ሩጫና ቡና አለን። ትክክል ነው። ግን የተረሳ ተሰጥኦ አለን። መስጋት እንችላለን። ያውም ዝም ብሎ መስጋት አይደለም፤ በጥልቅ፣ በእንግሊዝኛ፣ በማይክራፎን።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የተባበሩት መንግሥታትን የጸጥታ ምክር ቤት የቀጥታ ስርጭት እከፍታለሁ። ኒው ዮርክ ላይ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እኛ ጋ ውሻ ብቻ የሚሰማበት ሰዓት ነው። የፈረስ ኮቴ የመሰለው ጠረጴዛ ብቅ ይላል። 15ቱ አባላት ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ስብሰባው «ግልጽ ክርክር» ይባላል። ስሙ እንዳያስደነግጣችሁ፤ የሚከራከር የለም። ሁሉም የያዘውን ወረቀት ያነባል። አንዱ «ነጭ ነው» ቢል፣ ቀጣዩ «ጥቁር ነው» ቢል፣ ሁለቱም ወረቀት ትናንት ማታ ታትሞ ያደረ ነው። ማንም ማንንም መስማት አይጠበቅበትም። ከዚህ የበለጠ ሰላማዊ ክርክር ከየት ይመጣል?

ንግግሩ እንደ ዶሮ ወጥ ሥርዓት አለው። ሽንኩርቱ ምስጋና ነው። ብዙ ሽንኩርት፣ ረጅም ቁሌት። መጀመሪያ የወሩ ፕሬዚዳንት «እንኳን ደስ አለዎት» ይባላል። ፕሬዚዳንትነቱ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ በየወሩ ይዞራል፤ ሰውየው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተራው ስለደረሰ ብቻ ነው። ቢሆንም ዕቁብ እንደወጣለት ሰው አንድ በአንድ ደስ ይበልህ ይሉታል። ቀጥሎ ያለፈው ወር ፕሬዚዳንት ይመሰገናል። ከዚያ ማብራሪያ የሰጡት ይመሰገናሉ። ሽንኩርቱ ሲበስል በርበሬው ይገባል፤ እሱ ስጋቱ ነው። በመጨረሻ «ሁሉም ወገኖች ከማባባስ እንዲቆጠቡ» የሚለው ቅቤ ጣል ይደረግበታል። ዶሮዋስ የት አለች የምትሉ ወጥ አታውቁም።

ስጋትም ደረጃ አለው። «በቅርበት እየተከታተልን ነው» ካሉ ገና ዜናውን አላነበቡም። «ያሳስበናል» ካሉ ርዕሱን አይተዋል። «በጥልቅ ያሳስበናል» ከሆነ ፎቶውንም አይተዋል። «በጽኑ እናወግዛለን» ከተባለ ግን ነገሩ አልቋል። የሞተው ሞቷል፣ የፈረሰው ፈርሷል፤ ያላለቀ ነገር በጽኑ አይወገዝም።

በ1986 ሩዋንዳ ውስጥ ሰው በገጀራ እየታረደ ሳለ፣ ምክር ቤቱ ሚያዝያ 13 ቀን ተሰብስቦ እዚያ ያለው የሰላም አስከባሪ ኃይል ወደ 270 ሰው እንዲቀነስ ወሰነ። ያን ዓመት ሩዋንዳ ራሷ ከ15ቱ አባላት አንዷ ነበረች። የገዳዮቹ መንግሥት ተወካይ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። በዚህ ላይ ቀልድ አልጨምርም። አያስፈልገውም።

ከሁሉ የምወደው ግን የውሳኔዎቹ የመጨረሻ መስመር ነው። ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ምክር ቤቱ ጉዳዩን በእጁ ይዞ ለመቆየት ወሰነ። እንዴት ያለ ጨዋ ቃል ነው! ፈታሁ አላለ፣ ተውኩ አላለ። ይዣለሁ አለ። ምዕራብ ሰሐራን ተመልከቱ። በ1983 ነጻ ይውጣ ወይስ ከሞሮኮ ይቀላቀል የሚል ሕዝበ ውሳኔ የሚያስፈጽም ተልዕኮ ተላከ። ስሙ ውስጥ ራሱ «ሕዝበ ውሳኔ» የሚል ቃል አለ። ተልዕኮው ተላከ፤ መኪናው ሄደ፤ ጽሕፈት ቤቱ ተከፈተ። ሕዝበ ውሳኔው እስከ ዛሬ አልተደረገም። ጉዳዩ ግን አንድም ቀን ከእጅ አልወደቀም።

ይህን ጥበብ እኛ ከየት ተማርነው? ከጄኔቫ ነው። ትምህርት ቤቱ ውድ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን ወረረን። የመንግሥታቱ ማኅበር፣ የዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ቀዳሚ፣ ሳምንት ሳይሞላው ጣሊያን ጥፋተኛ ናት አለ። እሰይ ብለን ማዕቀቡን ጠበቅን። መጣ። ወደ ጣሊያን እንዳይሸጡ ከተከለከሉት መካከል ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ነበሩበት። ነዳጅ አልተከለከለም። የጣሊያን መርከብ የሚያልፍበት የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። አውሮፕላኑና ታንኩ ነዳጁን እየጠጣ መጣ፤ አህያዋ ብቻ በሕግ ቀረች። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሮም ላይ ሙሶሊኒ «አህያ አጣሁ» ብሎ ሲተክዝ ይታየኛል።

ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ሄደው በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨት ለቀቁባቸው። አዳራሹ ግን በጨዋነት ሰማቸው፣ በጥልቅ አዘነ፣ እና ሐምሌ ላይ ማዕቀቡን አነሳ። አህያዋም ነጻ ወጣች።

ያኔ ስጋት ተቀባይ ነበርን። አሁን አምራች ሆነናል፤ የኢንዱስትሪ ሽግግር ማለት ይህ ነው። ሰኔ 2008 ላይ በ185 ድምፅ ለሦስተኛ ጊዜ የምክር ቤቱ አባል ሆንን። መስከረም 2010 ላይ የፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ ነበርን፤ እኛም እንኳን ደስ አላችሁ ተባልን። በሰላም ማስከበር ላይ የቀረበው ውሳኔ 15 ለ0 አለፈ። እዚህ ጋ ሽሙጤን ለአንድ ደቂቃ ላስቀምጥ። ያኔ ከ8,000 በላይ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ ቆብ ስር ነበሩ፤ ከዓለም አንደኛ ማለት ነው። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት አብዬ ላይ ለዓመታት የቆመው ኃይል ከሞላ ጎደል የእኛ ብቻ ነበር። እነሱ ስጋታቸውን አልገለጹም። ፀሐይ ላይ ቆሙ እንጂ። ስለዚህ ነው መሰለኝ በንግግሮቹ ውስጥ አንድ አንቀጽ ብቻ የሚደርሳቸው።

ደቂቃው አለቀ።

ወደ ጥበባችን ስመለስ፣ ከስጋት ቀጥሎ ያለው ድምፀ ተአቅቦ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 2010፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ሶሪያን በደበደቡ ማግሥት፣ ሩሲያ የውግዘት ረቂቅ አቀረበች። 3 ደገፉ፣ 8 ተቃወሙ፣ 4 ታቀቡ። ከአራቱ አንዷ እኛ ነን። ልብ በሉ፤ እጅ ማውጣቱማ አለ። ለመታቀብም እጅ ይወጣል። እጅ አውጥቶ ምንም አለማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሞክሩት።

ከተአቅቦ የሚበልጥም አለ። የካቲት 23 ቀን 2014 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሩሲያ ዩክሬንን መውረሯን በሚያወግዝ ውሳኔ ላይ ድምፅ ተሰጠ። 141 ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ታቀቡ። እኛን ከየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አታገኙንም። ድምፅ አልሰጠንም። ክፉ ሰው ፈርተው ነው ይል ይሆናል። እኔ ግን ቀኑን አየሁት። የካቲት 23 አድዋ ነው። በዓል ነው። በወራሪ ላይ የተገኘ ድል የሚከበርበት ቀን ሥራ አይገባም።

ስጋቱ ዞሮ እኛን ያገኘ ጊዜ ግን ጣዕሙ ተለወጠ። በ2013 ሚያዝያ ላይ ምክር ቤቱ በትግራይ ተፈጽመዋል በተባሉ የሰብዓዊ መብት ጥሰቶች ላይ ጥልቅ ስጋቱን ገለጸ። ቃሉን አወቅነው። ሰዋስዉን አወቅነው። ስንቱን ያጎረስንበት ጉርሻ ነው። እኛ ስንጎርሰው ግን «የውስጥ ጉዳይ ነው» አልን። እንግዲህ ወጥ የሚሠራ ሰው የራሱን ወጥ አይበላም ይባል የለ።

ይህን ሁሉ ለሰፈራችን የዕድር ዳኛ አወራኋቸው። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ።

«ታዲያ ምን ወሰኑ?» አሉኝ።

«ሰጉ።»

«ሰጉ?»

«በጥልቅ።»

ትንሽ አሰቡ። «እኔም እኮ እሰጋለሁ። አበል የከፈለኝ ግን የለም።» ከዚያ ስለ የካቲት 23 ስነግራቸው ይበልጥ ገረማቸው። «ቀሪ ሆነው አልተቀጡም? እኛ ጋ ቀብር የቀረ ይከፍላል።»

ባለፈው እሑድ የሰፈር ስብሰባ ነበር። ከግቢያችን በታች ያለው የፍሳሽ ቦይ ተደፍኗል። ክረምት እየመጣ ነው፤ አምና ውኃው ሁለት ቤት ገብቷል። ጋሼ ድንኳኑ ስር ቆመው ስም ይጠራሉ። ጸሐፊው ደብተሩን ከፍቷል። ከአጥሩ ጋ አምስት አካፋና ሁለት ዶማ ተደግፈዋል። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። ሌሊት ያጠናሁትን መች ላባክነው።

«በመጀመሪያ ዳኛችንን እንኳን ለዚህ ወር አደረሰዎት እላለሁ። ማብራሪያ የሰጡንንም አመሰግናለሁ። በቦዩ ሁኔታ ጥልቅ ስጋቴን እገልጻለሁ። ሁሉም ወገኖች፣ ቆሻሻ የሚጥሉትም ውኃው የሚገባባቸውም፣ ከማባባስ እንዲቆጠቡ እጠይቃለሁ። እኔም ጉዳዩን በእጄ ይዤ እቆያለሁ።»

አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ። ጸሐፊው መጻፉን አቁሞ ወደ ጋሼ አየ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እና ልጄ፣ አካፋውን በምንህ ልትይዘው ነው?»