ጨርሶ የላሰ ከማን ጋር ይጫወታል?

ክርክሩን ያስነሣው የማርስ አክሲዮን ነው። ኦፍወርልድ ትሬዲንግ ካምፓኒ የተባለውን፣ በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የወጣውን የንግድ ጨዋታ ሰብሰብ ብለን በኢንተርኔት እንጫወት ነበር። ጨዋታው ወታደርም ታንክም የለውም። እያንዳንዱ ተጫዋች ማርስ ላይ ኩባንያ ያቋቁምና ውኃ፣ ብረት፣ ምግብና ነዳጅ እያመረተ ይሸጣል። ገበያው የሁሉም ነው፤ አንዱ አብዝቶ ሲሸጥ ዋጋው ለሁሉም ይወርዳል፣ ሌላው ሲገዛ ለሁሉም ይወጣል። የሚያሸንፈው የባላጋራዎቹን አክሲዮን ገዝቶ የጠቀለለው ነው። ከመካከላችን አንድ ወጣት ታዲያ፣ አንዱ ወዳጃችን ገና ሥራውን ሳያደላድል አክሲዮኑን ለቃቅሞ ገዛና ከጨዋታው አስወጣው። የተገዛው ሰው አልተቆጣም። ከዚያ ወዲህ ግን ስንጠራው ሥራ ይበዛበታል።

ነገሩ ሲነሣ፣ በዕድሜ የሚበልጡን፣ ኑሯቸውን በሒሳብ መዝገብ ላይ ያሳለፉ አንዲት እናት ወጣቱን ገላመጡትና «አንተ ልጅ፣ ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» አሉት።

«ማር አይደለም፣ ተወዳዳሪ ነው» አለ እርሱ። ፈጣን መልስ ይወዳል። «ሕጉ ፈቅዷል፣ ገንዘብ ነበረኝ፣ ገዛሁ። እያባበልኩ ላቆየው ነበር? ንግድ ጦርነት ነው።»

ንግድ ጦርነት ነው የሚሉ ሰዎች አንድም ቀን የገዢ ፊት አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ልጁ ግን ይህን ሲል ማርስን በካርታ የተረከበ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ነበር።

እናታችን አልተቆጡም። እርሳቸው የሚያውቁት ሚዩል የተባለውን ጨዋታ ነው፤ በ1983 ዳኒ በንተንና ባልደረቦቿ የሠሩት፣ አራት ሰዎች በአንድ አታሪ ኮምፒውተር ፊት እየየራሳቸው ጆይስቲክ ይዘው የሚጫወቱት። አራቱ አንዲት ሩቅ ፕላኔት ላይ ይሰፍራሉ፤ መሬት ይይዛሉ፤ ምግብ፣ ኃይልና ማዕድን ያመርታሉ። ከዚያ ጨረታ ይከፈታል። ሻጩ ከላይ ወደ ታች፣ ገዢው ከታች ወደ ላይ ይራመዳል፣ የተገናኙበት ከፍታ ዋጋው ይሆናል። ሻጩ አጠገብህ ተቀምጧል፤ ዓይኑን እያየህ አንድ እርምጃ ትጨምራለህ ወይም ቆመህ ታስጨንቀዋለህ። ምግብ ያነሰው ሰው በሚቀጥለው ዙር የሚሠራበት ሰዓት ያጥርበታል። ኃይል ያነሰው ምርቱ ይቀንሳል። ማዕድኑ ደግሞ ሁሉም የሚገዛው የሥራ ማሽን የሚሠራበት ነው፤ ስለዚህ ማዕድን አምራቹ ሲጠፋ የማሽን ዋጋ በአራቱም ላይ ይንራል።

«አየህ፣ ጎረቤትህን ካደረቅኸው ማሽን ከየት ታመጣለህ?» አሉት። «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ያልኩህ ለዚህ ነው።»

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የዚህ ጨዋታ ዕድል አከፋፈል ነው። በየዙሩ ድንገተኛ ነገር ይመጣል፤ አንዱ ያልጠበቀውን ገንዘብ ያገኛል፣ ሌላው ይዘረፋል። ሆኖም መልካሙ ዕድል ለመሪው አይደርስም፤ ክፉውም የመጨረሻውን ሰው አይነካውም። በመጨረሻ የእያንዳንዱ ሀብት ተቆጥሮ አንደኛው ይታወቃል፤ ከዚያ ደግሞ የአራቱ ድምር እንደ አንድ ሠፈራ ይመዘናል። ሦስቱን አደህይቶ አንደኛ የወጣ ሰው፣ አንደኝነቱን ይዞ የወደቀ ሠፈራ አለቃ ሊሆን ይችላል። ከአርባ ዓመት በፊት ይህን ያሰቡ ሰዎች ነበሩ።

ልጁ ሳቀ። «ድጎማ ነው» አለ። «ሰነፍ የሚጦርበት ጨዋታ። ያውም የ1983!» ከዚህ የጠለቀ ክርክር አልነበረውም፤ ቢኖረውም አላስታውሰውም። ዓመተ ምሕረት እየጠቀሱ መሳቅ መልስ የሚሆንበት ቤት ካለ እርሱ እዚያ ያደገ ነው። ሰነፍ ያለው ሰው ግን የተሸነፈው በስንፍና አልነበረም፤ ጀማሪ ስለነበረ ነው።

አፉ ሲያዝ ወሬውን ወደ ቴክኒክ መለሰው። ኦፕን ቲቲዲ የተባለውን፣ ክሪስ ሶየር በ1994 ካወጣው ትራንስፖርት ታይኩን የተወለደውንና በ2004 የተጀመረውን ነጻ የመጓጓዣ ንግድ ጨዋታ አነሣ። ተጫዋቾቹ በአንድ ሰርቨር፣ ማለትም ሁሉን በሚያገናኝ ኮምፒውተር፣ ከተገናኙ በኋላ ዓለሙ በሙሉ በየቅጽበቱ በሽቦ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ትእዛዙ ብቻ ነው። «እዚህ ሐዲድ ዘርጋ» የሚለው ትእዛዝ ለሁሉም ይደርሳል፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በተመሳሳይ ቅጽበት ይፈጽመዋል፣ ሁሉም ያንኑ ዓለም ለየብቻው ያሰላል። የአንዱ ስሌት ከተዛነፈ ያ ኮምፒውተር ከግንኙነቱ ይወጣል። ሁሉም ትክክል ነው፣ በደንብም ነው ያስረዳን። ማን እንደጠየቀው ግን እስካሁን አልገባኝም።

እንዲያውም ያነሣው ጨዋታ ለእኛ መሰከረ። እስከ 15 ኩባንያዎች በአንድ ካርታ ይሠራሉ። በአንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን አጠገብ ሁለት ኩባንያዎች ጣቢያ ሲከፍቱ ጭነቱ የሚከፋፈለው በአገልግሎታቸው ጥራት ነው፤ ባቡሩ ቶሎ ቶሎ የሚመጣው የተሻለ ድርሻ ያገኛል። ይህ ፉክክር ነው፣ ጥሩ ፉክክር። ነገር ግን ባለሰርቨሩ ከፈቀደ በሌላው የመኪና መንገድ ላይ ሐዲድ አቋርጦ፣ በራስ ባቡር የሰውን መኪና ማስገጨትም ይቻላል። ልጁ የትኛውን እንደሚመርጥ መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ራሱ በኩራት ነገረን። እናታችን «ጨርሰህ አትላሰው ብዬሃለሁ!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ።

ሁልጊዜ አስታራቂ መሆን የሚወድ አንድ ባልንጀራችን ደግሞ መላ አመጣ። ሁላችንም አንድ ኩባንያ ውስጥ እንግባ፤ ኦፕን ቲቲዲም፣ አኖ 1800 የተባለው የከተማ ግንባታ ጨዋታም ይፈቅዳሉ፣ ብዙ ሰው አንድ ካዝና ይዞ ይሠራል፣ ጠብ አይኖርም አለ። ቅን ሰው ነው። ግን ሁላችንም አንድ ኪስ ከሆንን ዋጋውን ማን ይገዳደረኛል? ሰውን ከገበያው ማባረርም፣ ሁሉንም ወደ አንድ ጓዳ ማስገባትም ጨረታውን ባዶ ያደርጉታል። እኔ የምፈልገው ተከራክሮኝ የሚገዛኝንና በሚቀጥለውም ዙር የሚከራከረኝን ሰው ነው።

ልጁ ይህ አልገባውም። አልፈርድበትም፤ ማን አስተማረው? የምንኖርበት ዘመን ሁሉን ነገር በደረጃ የሚሰፍር ነው። ሕፃኑ ፊደል ሳይቆጥር ስንተኛ እንደወጣ ይጠየቃል። ከወጪው በታች ሸጦ ተፎካካሪውን ያከሰመና ማግስቱን ዋጋ የሰቀለ ኩባንያ ብልህ ተብሎ ለትምህርት ይጠቀሳል። ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየገዙ ይዘጓቸዋል፣ እኛም ቆመን እናጨበጭባለን። የንግድ ምክር የሚሸጡት ሰዎች አፋቸውን የሚያሟሹት «ተፎካካሪህን እንዴት ታጠፋለህ» በሚል ነው፤ ደንበኛህን እንዴት ታቆያለህ የሚለው ከኋላ፣ ጊዜ ከተረፈ። ይባስ ብሎ የተሸነፈውን ሰው መሳቂያ ማድረግ ራሱን የቻለ መዝናኛ ሆኗል። መሸነፍ ነውር በሆነበት ጊዜ ጀማሪ ከየት ይመጣል? ሁሉም በየቤቱ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻውን ተዘግቶ፣ የማሽኑን ተጫዋች በቀላል ደረጃ እያሸነፈ ራሱን ንጉሥ ይላል። ከዚያ ሰው ጠፋ ብለን እናለቅሳለን።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ እናታችን ልክ ናቸው፣ ልጁ ተሳስቷል፣ አስታራቂያችንም ምሳሌውን ከነጭራሹ አልሰማውም። ማርስ ላይ ሰውን ቀድሞ መግዛት በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከሚጫወት ሰው ጋር ግን እኛ የራሳችንን ሕግ መጨመር እንችላለን። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጨዋታዎች ማንም ጀማሪውን አይገዛም፤ ዋጋውን ያስከፍለው፣ ገበያውን ያጣብበው፣ አክሲዮኑን ግን ይተውለት። ልጁ በዚህ ከተስማማ ወዳጃችንን ደውዬ የምጠራው እኔ ነኝ። ካልተስማማ ጨዋታው ለብቻ የሚጫወቱበት ክፍልም አለው፣ እዚያ የፈለገውን ያህል ይላስ።