እርማት፦ የቪዛ ማብቂያ ቀን የመቆያ ጊዜን አይወስንም

ወንድሜ፣ ከጅማ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ጀርመን ለሚጓዙት እናት «ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልቅ ድረስ መቆየት ይችላሉ» ብለው የሰጡት ምክር፣ ብዙዎች የሚደግሙት ቢሆንም ስህተት ነው። በሸንገን ቪዛ (ጀርመንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ በሚያገለግለው የአጭር ጊዜ ቪዛ) ላይ የሚታዩት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኖች ቪዛው የሚያገለግልበትን ጊዜ ብቻ ሲያመለክቱ፣ መቆየት የሚፈቀደው ለብቻው በተጻፈው የቀናት ቁጥር ልክ ነው፤ ቁጥሩ 30 ከሆነ፣ በሁለቱ ቀኖች መካከል 45 ቀን ቢኖርም እንኳ ከ30ኛው ቀን ማለፍ አይቻልም። ትርፉ 15 ቀን ጉዞው ቢዘገይ መጠባበቂያ እንዲሆን የተሰጠ እንጂ ምርቃት አይደለም። የገቡበትም የሚወጡበትም ቀን ይቆጠራል። (ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውንም ለእናታችን አስቀድሞ መንገር አይከፋም።)

ቪዛ መያዝም ብቻውን መግባትን አያረጋግጥም። የድንበር ፖሊስ የመመለሻ ትኬት፣ የማረፊያ አድራሻና የመተዳደሪያ ገንዘብ ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ወረቀቶቹ ከጅማ ሲነሱ በሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳቸው ውስጥ መሆን አለባቸው።

እናታችን ማር ይዘው መግባት ይችላሉ ያሉት ግን ትክክል ነው፤ ለግል ፍጆታ እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ቅቤ ግን የወተት ተዋጽኦ በመሆኑ፣ በጥቂቱም ቢሆን ይዞ መግባት አይፈቀድም።