ዝም ያለው ወሬኛ

ከሕዋ ፊልሞች ሁሉ አብልጬ የምወደው ሰው ሰባት ሲዝን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሞርን ይባላል። መርከብ አይነዳም፣ ጦር አይመራም፣ ዓለምን አያድንም። ሥራው መጠጥ ቤት መቀመጥ ነው።

ተከታታዩ «ስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን» ይባላል። በፈረንጆቹ ከ1993 እስከ 1999 ታየ፤ 176 ክፍል አለው። ታሪኩ የሚካሄደው ሕዋ ላይ በቆመ ጣቢያ ውስጥ ነው። አዛዡ ሲስኮ ነው። ጸጥታ አስከባሪው ኦዶ ቀልጦ ቅርፁን ይቀያይራል። ጦርነቱም፣ ትንቢቱም፣ ሤራውም አለ። በዚህ ሁሉ መሃል ኳርክ የሚባል፣ ጆሮው ፊቱን የሚያህል ስግብግብ ባለመጠጥ ቤት አለ። ሞርን የእሱ ባንኮኒ ላይ ነው። ግዙፍ፣ ራሰ በራ፣ ፊቱ የተጨማደደ። ብርጭቆውን ይይዛል፣ ሰው ያያል፣ ይጠጣል። በቃ።

የጣቢያው ሰው ግን «ሞርን ከጀመረ ማን ያስቆመዋል?» ይላል። ወሬኛ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው ይሉታል። እኛ ሲናገር ሰምተነው አናውቅም። አፉን ሊከፍት ሲል ወይ ሰው ያቋርጠዋል፣ ወይ ትዕይንቱ ይቀየራል።

ጎንደሬ ሆኖ እንዲህ ዓይነት ሰው መውደድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያደግነው ግንብ ሥር ነው። የፋሲል ግንብ፣ የኢያሱ ግንብ፣ የምንትዋብ ግንብ፤ ሁሉም ባለስም ነው። ኖራውን ማን እንዳቦካው ጠይቀን አናውቅም። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ፎቶ የሚነሳው ዘሎ የገባው እንጂ ውኃውን የለቀቀው አይደለም። ስብሰባ ላይ «አጭር አስተያየት አለችኝ» ያለ ሰው ምሳ ሰዓት ያሳልፋል። ከፒያሳ ማራኪ በባጃጅ ብትሄዱ፣ ሳትወርዱ ሹፌሩ አገር አስተካክሎ ይጨርሳል። ሁሉም መሪ ተዋናይ በሆነበት ከተማ አጃቢ ከየት ይምጣ?

እኔም መጀመሪያ ዓይኔ አዛዡ ላይ ነበር። በፍላሽ አስጭኜ፣ መብራት ሲፈቅድ ነው የማየው። መቼ እንደተለወጥኩ እንጃ። አንድ ሌሊት ሲስኮ ስለ ጦርነቱ ከባድ ነገር ሲናገር፣ እኔ ከኋላው «ሞርን የት ሄደ?» እያልኩ አንገቴን ሳሰግግ ራሴን ያዝኩት። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ቅር ይለኛል። ኳርክም እንደኔው ነው። ሞርን ለጉዞ ሲወጣ ገበያው እንዳይቀዘቅዝ ብሎ፣ በብርሃን የተሠራ የሞርን ምስል ወንበሩ ላይ ጎልቶ ነበር። ሰውዬው ያውቅበታል። ጠላ ቤት ገብታችሁ፣ መደቡ ጥግ የማይጠፋው ሰውዬ የጠፋ ዕለት ጠላው ያው ጠላ ሆኖ ቤቱ ግን ይቀዘቅዛል። አዝማሪም ይህን ያውቃል። ለፎካሪው ሁለት ስንኝ ጣል አድርጎ ለዝምተኛው አራት ይፈታለታል። ዝም ያለ ሰው ለግጥም ይመቻል፤ አያስተባብልም።

ብቻዬን ስስቅ እማዬ ሰምታ ኖሮ፣ ቡና ላይ ነገሩን አነሳችው። ጎረቤታችን እትዬም ነበሩ፤ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው።

«ማነው ሌሊት የሚያስቅህ?»

«ሞርን የሚባል ሰው።»

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«ድዳ ነው?» አሉ እትዬ።

«ኧረ ወሬኛ ነው ይሉታል።»

ሁለቱ ተያዩ። እማዬ ጸበል ልታነሳ እንደሆነ ገባኝና ቶሎ ብዬ በ1998 የወጣውን አንዱን ክፍል መተረክ ጀመርኩ። የሞርን መርከብ በማዕበል ጠፋችና ሞተ ተባለ አልኳቸው።

«ሬሳውስ?»

«አልተገኘም።»

እትዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ሬሳ ሳይታይ ድንኳን ተተከለ?»

መጠጥ ቤቱ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጡ። ኳርክ ከለቀስተኛው አንዱን ጎትቶ፣ የሟች ወንበር እንዳይቀዘቅዝ ብሎ አስቀመጠው። ያ ሰው ሞርንን የሚጫወተው ማርክ አለን ሼፐርድ ራሱ ነው፤ ጭምብሉን አውልቆ! ይህን ስናገር እኔ አንጀቴ ተላወሰ። እነሱ ግን ውርሱ እስኪነሳ ቸኩለዋል።

ውርሱ ለኳርክ ነበር። ወዲያው የቀድሞ ሚስቱ ነኝ የምትል መጣች። «ይኸው!» አሉ እትዬ። ሸሪኮቹ ነን የሚሉ ሁለት ወንድማማቾች ተከተሉ። አራተኛው ደግሞ ሟቹ አልጋ ወራሽ ልዑል ነበር ብሎ መጣ። እማዬና እትዬ ቅንድባቸውን እንኳ አላነሱም። እኛ ሰፈር ከነገሥታቱ የማይወለድ ሰው ካለ፣ በሥራ ዝውውር የመጣ ነው።

ለካ አራቱም ከሞርን ጋር ባንክ የዘረፉ ሌቦች ናቸው። ሞርን ድርሻቸውን ላለመስጠት ሞትኩ ብሎ አስወርቷል። ላቲነም የሚሉትን ፈሳሽ ሀብት ከሚቀመጥበት የወርቅ ጡብ ውስጥ መጥጦ፣ ሁለተኛ ሆዱ ውስጥ ደብቆታል። አዎ፣ ሁለት ሆድ አለው።

«እኔስ ብያለሁ!» አለች እማዬ። «ዝምተኛ ሰው በሆዱ ነው የሚይዝ።»

ሌቦቹ ተለቅመው ሲታሰሩ ሞርን በእግሩ ተመለሰ። እማዬ ሳቀች። እትዬ አልሳቁም። በረካው እስኪቀዳ ድረስ ሲያሰላስሉ ቆዩ።

«እንግዲህ ካልሞተ፣» አሉ፣ «የእድሩን ብር መለሰ?»